ስምንት ሰዓት በማን አቆጣጠር?

ይህ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ካርቱም፣ የማስተርስ ትምህርቴን ለመጨረስ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ሰው ሰዓት ስንት ነው ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በቀን ስንቴ እንደምጠየቅ እናንተው አስቡት።

አባቴ ሱዳናዊ፣ እናቴ ሐበሻ ናት፤ ያደግኩት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ዓባይ ሲሞላ ውኃው የትኛውን ሰፈር እንደሚወስድ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ስሌቱ ለአንድ ኮምፒውተር ስለሚከብድ አሥራ ሁለት ሆነው እየተካፈሉ አብረው ይሠሩታል። አስተማሪዬ የፈለጉት የጊዜውን ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሰዓት ሌሎቹን ሲጠብቅ ተገትሮ ቆየ የሚለውን። "ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካላመጣሽ ሐሙስ ኮምፒውተሮቹ ለሌላ ክፍል ይሰጣሉ፤ ኸላስ፣ አለቀ" አሉኝ። ያለ እነሱ ደግሞ ምረቃ የሚባል ነገር የለም።

የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ኃይሉ ይባላሉ። አገር ቤት መምህር ነበሩ፤ በፖለቲካ ተሰደው የመጡ ናቸው። በዚያ ግቢ አማርኛ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር። ስሳሳት እየሳቁ ያርሙኛል። "ኧረ ሙሃንዲሳ፣ እናትሽ እንዳትሰማሽ!" ይሉኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት ስሌቱን ላስጀምር ስገባ ጠሩኝ። "ነገ በስምንት ሰዓት ጄኔሬተሩ ለጥገና ይጠፋል፤ መብራት አይኖርም፤ ሥራሽን እንዳያበላሽብሽ" አሉኝ። አመስግኛቸው ገባሁ።

እናቴ የምትቆጥረው በሐበሻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሰማሁትን ሰዓት ጭንቅላቴ ሳላዘው ይመነዝረዋል። የሐበሻ ስምንት በሱዳን ከቀኑ ሁለት ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲቆምና ሰንጠረዡን እንዲጽፍ አዘዝኩት። በየመሃሉ ለምን አላስጻፍሽውም የሚለኝ አይጠፋም። መጻፉ ራሱ ጊዜ ይበላል፣ ልኬቱንም ያዛባዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ እንዲጽፍ አድርጌ፣ በራሴ ብልጠት እየተደሰትኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ በሱዳን ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ክፍሉ ጭጭ ብሏል። አሥራ ሁለቱም ጠፍተዋል። ወደ በሩ ሮጥኩ።

"ጋሽ ኃይሉ፣ ስምንት አላሉኝም?"

"አዎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጠፋ። ምነው ልጄ?"

"ስምንት እኮ ገና ነው!"

ያን ጊዜ ገባቸው። ግንባራቸውን ያዙ። "ውይ! አንቺ የካርቱም ልጅ ነሽ ብዬ እኮ በሱዳን ነገርኩሽ!"

እሳቸው ለእኔ ብለው መነዘሩት፣ እኔም ለእሳቸው ብዬ መነዘርኩት። ሌሊቱን ሙሉ የተሠራው ሁሉ ውኃ በላው። በሱዳን ሰባት ሰዓት እንዲቆም ባደርገው እኮ በቂዬ ነበር!

እዚያ ላይ ብቆም ምናለ? አፌን ከፈትኩት። "ሐበሻ በአማርኛ ስምንት ካለ ስምንት ነው! አገርዎን ብቻ ሳይሆን አማርኛዎንም ረሱት እንዴ?" አልኳቸው፣ ሰው ፊት፣ እየጮህኩ።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

አስተማሪዬ ምክንያቴን ሰምተው ሰዓታቸውን አዩና "ማሊሽ" አሉኝ፤ ምን ይደረግ ማለታቸው ነው፤ በቃ። ሐሙስ ኮምፒውተሮቹ ተጭነው ሄዱ። አልተመረቅኩም። ከዚያ ወዲህ አል-ሳሃፋ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሌሎችን መመረቂያ ጽሑፍ አባዛለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ ብላችሁ ውሸት አይደለም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃዬን ልወስድ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ስመላለስ ጋሽ ኃይሉ በሩን ሁልጊዜ ይከፍቱልኝ ነበር። ይቅርታ ልበላቸው እያልኩ በየቀኑ አፍሬ አለፍኩ። በመጨረሻው ቀን "ደኅና ይሁኑ" አልኳቸው። "መዓ ሰላማ፣ ያ ቢንቲ" አሉኝ፤ በዐረብኛ ደኅና ሁኚ ልጄ ማለት ነው።

ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ አንድም ቃል በአማርኛ አላናገሩኝም።