በልብስ ሰፊ ሜትር የለካሁት ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለመዘምራኖቿ የምታዘጋጀውን መዝሙር በላፕቶፕ አሰማችኝ። ዜማው ከሹክሹክታ ተነስቶ ቀስ በቀስ ቤቱን ሞላው፣ ከዚያ ደግሞ ቀስ እያለ ወርዶ ጠፋ። ይህን ሁሉ ያደረገችው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር በጣቷ ጎትታ ነው። «አባዬ፣ በእናንተ ጊዜ ይሄን እንዴት ነበር የምትሠሩት?» አለችኝ። «በሙከራ» አልኳትና ሞባይሌን ፍለጋ ተነሳሁ። ሞባይሌ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። መካኒሳ ካለችው ጸሎት ቤታችን መዘምራን መካከል ኮምፒውተር የነካሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ እንደ ሊቅ እታይ ነበር፤ እኔም አላስተባበልኩም። የቢሮ አለቃዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በማሽኑ እንድጠቀም ስለፈቀደልኝ፣ ኖታ የሚጽፍና የተጻፈውን በሙዚቃ ኪቦርድ የሚያጫውት ፕሮግራም ተማርኩ። አዲሱ አዳራሽ ጥቅምት ላይ እንደሚመረቅ ሲነገር ታዲያ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ፣ በዚያ ቀን መዘምራኑን ኮምፒውተር ያጅባቸው አልኩ። ተስማሙ።

እስከዚያ ድረስ አጃቢያችን ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቱ ታሽጎ ምእመኑ በየቤቱ ተደብቆ ሲዘምር፣ አኮርዲዮናቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከቤት ቤት የዞሩ ሰው ናቸው። ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው፣ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ የሚበቃ ድምፅ ማውጣት ለመዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ከዝናቡ ጋር ከፍ ይላሉ፣ ሲያባራም አብረውት ይወርዳሉ።

ኮሚቴው «ለጋሽ ወርቅነህ ማን ይንገራቸው?» ሲል «እኔ እነግራቸዋለሁ» ያልኩትም እኔው ነኝ።

የእኔ ማሽን እንደ እሳቸው መሆን አልቻለም። የለስላሳ ምልክት ሳደርግበት ያንሾካሹካል፣ የከፍተኛ ሳደርግበት በድንገት ይጮኻል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ለእያንዳንዱ ምት የድምፅ መጠን በቁጥር መስጠት እንደሚቻል ደረስኩበት። ቁጥሩን በእኩል እያሳደግኩ ብሞክረውም ድምፁ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ተንገጫገጨብኝ። ስለዚህ በነሐሴ ጭቃ ቦቲዬን አጥልቄ ጋሽ ወርቅነህ ቤት ሄድኩ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሸት በቆሎ ጠብሰው አቀረቡልን።

«ጋሼ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ የአኮርዲዮኑ ወናፍ በየምቱ ስንት እንደሚከፈት ልለካው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ለምንህ ነው ልጄ?»

«ለመማር።»

እትዬ አስካለ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ድምፅ ይዘው ወናፉን በቁጥር ይከፍታሉ፣ እኔ ሜትሩን ዘርግቼ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ጣት የማይሞላ፣ ቀጥሎም ያንኑ ያህል፣ ከዚያ ጨመር ጨመር፣ መጨረሻ ላይ ስንዝር ሙሉ። «አየህ፣ ሰው ከፍ ማለትህን ማወቅ ያለበት ከፍ ካልክ በኋላ ነው» አሉኝ። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስጫወት፣ ይሄን ነገር የጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ» ብለው በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በመጨረሻው ቅዳሜ እትዬ አስካለ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ለምረቃው ቀን ሱፋቸውን እያጠበብኩላቸው ነው፤ ከስተዋል እኮ» አሉኝ። እኔ በቆሎዬን ጋጥኩ። በቆሎው ጣፋጭ እንደነበር ማስታወሴ ራሱ ያሳፍረኛል።

በምረቃው ቀን ጋሽ ወርቅነህ ጠበብ ያለውን ሱፍ ለብሰው፣ አኮርዲዮናቸውን ወልውለው መጡ። መዘምራኑ አጠገብ ባለው ቦታቸው ላይ የእኔ ኪቦርድና ኮምፒውተር ተደርድረዋል። መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ጎንበስ ብዬ ምንም ያልሆነ ሽቦ ማስተካከል ጀመርኩ። አስተናጋጁ መጥቶ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው።

መዝሙሩ ተጀመረ። ድምፁ ከምንም ተነስቶ እያደገ ሲመጣ ሕዝቡ ሳይታወቀው ብድግ አለ። አሻግሬ ሳይ ጋሽ ወርቅነህ አኮርዲዮኑን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ነው። የወናፉ ማሰሪያ አልተፈታም፤ ግራ ክንዳቸው ግን በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይሳብ ነበር። ከዚያ መዝሙሩ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ድምፁ በአንዴ ዝቅ ብሎ ቁርጥ አለ። ክንዳቸው አየር ላይ ቀረ።

ሰው ተሰልፎ ጨበጠኝ። እሳቸውም ተራቸውን ጠብቀው መጡ።

«አወጣጡ ልክ ነው፤ አግኝተኸዋል» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ብትነግረኝ ኖሮ አወራረዱንም አስለካህ ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ አኮርዲዮኑን ይዘው አልመጡም። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ የምሻገረው። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አረፉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ወጊው ነኝ፣ ግን አልረሳሁም።

ትናንት ልጄን ጠርቼ «በሙከራ ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኳት። ስለ ጋሽ ወርቅነህ፣ ስለ ሜትሩ፣ ስለ ሱፉ፣ አየር ላይ ስለቀረው ክንድ ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ ማንም አልነገራቸውም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኮሚቴው ረስቶት ይሆናል» አልኳት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» ማለቴን ከዚህ ጽሑፍ ታንብበው።