ስሙ አሥር፣ መዳቡ አንድ

ጋሽ ኃይለ መለኮትን ሽሮ ሜዳ ላይ የማያውቅ ካለ፣ እሱ ትናንት የመጣ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሸማ ሲሠሩ ኖረው አቅማቸው ደከም ሲል፣ የልጃቸው ባል ሮቤል አንድ የሽመና ዕቃ ሱቁ በር ላይ ተከለላቸው። "እዚህ ቁጭ ብለው ይሥሩ፣ ገበያተኛ ይይዎት። የወር ቀለብዎን እኔ እችላለሁ" አላቸው። ደግነት መስሏቸው መረቁት። ለካስ ሰውየው ከውስጥ የደረደረው ጥለቱ የታተመ የፋብሪካ ጨርቅ ነው! ሽማግሌው በር ላይ መወርወሪያ ሲወረውሩ ያየ ሁሉ የእሳቸው እጅ እየመሰለው ይገዛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ አይደል? የጠየቃቸው ስላልነበረ ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን ይቆጠቁጣቸው ነበር።

ከዕቃቸው ላይ መሃሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ክብ መዳብ በክር ተንጠልጥሏል። እዚያው አቅራቢያ ወዳለው የእጽዋት ማዕከል ለጥናት የመጣች ጃፓናዊት ጋቢ ገዝታ ስትሄድ የሰጠቻቸው፣ የአገሯ የጥንት ሳንቲም አምሳያ ነው። ታሪኩንም በአስተርጓሚ አጫውታቸዋለች። የዛሬ አሥራ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የጃፓን ቤተ መንግሥት መዳብ ተገኘልኝ ብሎ ሳንቲም ሠራ። ሕዝቡ ግን በሩዝና በጨርቅ መገበያየት ለምዶ አልቀበል አለ። "ሳንቲም ላጠራቀመ ሹመት!" ተባለ። ቆይቶ ደግሞ አዲስ ሳንቲም ወጣና "ይሄ አንዱ እንደ አሮጌው አሥር ነው" ተባለ። እየዋለ እያደረ መዳቡ ሳሳ፣ እርሳሱ በዛ፣ ስሙ ብቻ ገዘፈ። በመጨረሻ ሕዝቡ እንቢኝ ብሎ ወደ ሩዙና ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

"ወደ ጨርቁ እኮ ነው!" ይላሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት፣ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ። "የንጉሥ መዳብ ጥሎ የሸማኔ እጅ አመነ!"

ቅዳሜ ለት ልጇን የምትድር ሴት አንድ ቀሚስ ይዛ ከሱቁ ወጣች።

"አባባ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ነው አይደል?"

ሮቤል ከኋላዋ ሆኖ በዓይኑ ተማጸናቸው። አዎ ብለው አንገታቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉ ቀለባቸው አይቋረጥም። እሳቸው ግን መዳቧን አዩና ደማቸው ፈላ።

"አይደለም! የፋብሪካ ነው። ስሙ አሥር፣ መዳቡ አንድ!"

ሴትየዋ የመዳቡ ነገር ባይገባትም የፋብሪካው ገባት፤ ቀሚሱን መልሳ ሰቀለችው።

"ነገ እንዳይመጡ!" ሮቤል ጮኸ። "ምን እንደሚበሉ አያለሁ!"

"ምን ነገ ትለኛለህ፣ አሁኑኑ ነው እንጂ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ አንተ የኔን በቁሜ ልትቀብረው?"

መወርወሪያቸውን በብብታቸው፣ መዳቧን በኪሳቸው ይዘው ወደ ቤታቸው የቁስቋምን አቀበት ተያያዙት። ሴትየዋ ሮጣ ደረሰችባቸው።

"አባባ፣ ሱቅዎ የት ነው?"

"ሱቅ የለኝም። ቤቴ ውስጥ እግሬን ከትቼ የምሸምንበት ጉድጓድ አለኝ። ከፈለግሽ ነይ፤ ካልፈለግሽም እሸምናለሁ!"