አየሁ ያልኩት አንበሳ

ልጅ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ አዘቅዝቃ ሙቀቱ ሲበርድ፣ የሰፈራችን ልጆች አው አብዶሽ ደጃፍ እንሰበሰብ ነበር። አው አብዶሽ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ የሐረሪ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ ሰሌኑ ተነጥፎ፣ ከጎኑ ፍም ላይ በቆሎ እየተጠበሰ፣ ፋኖሱ ገና ሳይለኮስ ጨዋታው ይጀመራል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለንም ከቦታችን ንቅንቅ አንልም።

አንድ የማንወድላቸው ልማድ ነበራቸው። ተረቱን ከመጀመራቸው በፊት ከማን እንደሰሙት ይዘረዝራሉ። «ይህን የነገረኝ ሐሰን ነው። ሐሰን ባቡሩ ላይ ከሰል ይጨምር ነበር። ለሐሰን ደግሞ የነገረው…» ሲሉ እኛ እንጮሃለን።

«አቦ አው አብዶሽ! አንበሳው ጋ ይድረሱልን!»

አንበሳው ሁርሶ አጠገብ ሐዲዱ ላይ ተኝቶ ባቡር ያስቆመ አንበሳ ነው። ነጂው ጡሩምባ ቢነፋ አልነሳ አለ። በመጨረሻ አንዲት ወተት ሻጭ አሮጊት ከባቡሩ ወርደው፣ «አንተ! ወተቴ ሊበላሽብኝ ነው፣ አታፍርም?» ቢሉት አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኛም በሳቅ እንፈርሳለን።

እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ ሥራ ገባሁ፤ ወለድኩ፣ አያትም ሆንኩ። አንበሳውን ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም አወራሁላቸው። መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ከዕለታት አንድ ቀን በወሬዬ ውስጥ እኔም ያ ባቡር ላይ ተሳፈርኩ። «በመስኮት አየሁት» ማለት ጀመርኩ።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ቤተልሔም ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የታሪክ አስተማሪዋ መምህርት ፈትያና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ደመቀ ተመካክረው ያዘጋጁት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ስለ ከተማው አንድ ጥያቄ ይመርጣል፤ መምህርቷ ጥያቄውን ታስተካክላለች፣ አቶ ደመቀ መልሱ የት የት እንደሚፈለግ ያሳያል። ወረቀቱ ሦስት ዓምድ አለው፦ ያየ፣ የሰማ፣ የተጻፈ። ሁለቱም ካልፈረሙበት ሥራው አያልፍም።

«አባባ፣ አንበሳውን አይተኸዋል አይደል?»

«እንዴታ!»

«በቀኝ በኩል ነው በግራ የተቀመጥከው?»

«በ… በቀኝ።»

«ምኑን አየህ?»

«ጭራውን» አልኩ። ልጅቷ «ያየ» በሚለው ሥር በሚያምር ጽሑፏ ጻፈችው። «ከክፍላችን ያየ ሰው ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ! ዓርብ ለሁሉም አነባለሁ» ብላ እየዘለለች ወጣች።

እኔ ድሮም ስጉ ሰው ነኝ፤ በር ቆልፌ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የምፈትሽ። ከዚያ በኋላ ምግብ አልዋጥልህ አለኝ። ልጅቷ በእኔ ውሸት ሰው ፊት ልትቆም ነው። ነገሩ ቢታወቅ የምታፍረው እሷ ናት፤ ባይታወቅ ደግሞ የባሰ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህርት ፈትያና አቶ ደመቀ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የልጆቹን ወረቀቶች ዘርግተው ይመለከታሉ። የቤቲ ወረቀት ከላይ ነው። ቆቤን አውልቄ፣ እንደ ተከሳሽ ቆሜ ተናዘዝኩ።

አቶ ደመቀ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «አባባ፣ እኛኮ እዚህ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጠን አንበሳውን ስናጣው ግራ ገብቶን ነበር!»

መምህርት ፈትያ ወንበር ሳበችልኝ። «ይቀመጡ እስቲ። ታዲያ ከማን ሰሙት?»

«ከአው አብዶሽ። እሳቸው ከሐሰን። ሐሰን ደግሞ…» የሦስተኛውን ሰው ስም በጩኸታችን ውጠነዋል።

«ግድ የለም፣ ‹አልታወቀም› ይባላል። እሱም መልስ ነው» አለችኝ።

ለቤቲ ግን ራሴ ልንገራት ብዬ አስጠራኋት። ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ጭራውስ?»

«ጭራውን እኔ ነኝ የቀጠልኩለት።»

ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም። ላጲስ ስታነሳ ግን አቶ ደመቀ ከለከላት። «አይጠፋም። በላዩ አንድ መስመር አስምሪበትና ትክክለኛውን ከሥሩ ጻፊ። መልስሽ ለምን እንደተለወጠ አንባቢው ይይ።»

ዓርብ ዕለት እኔም ተጋብዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ቤቲ የተሰረዘውንም ከሥሩ ያለውንም አነበበች። ጭራው ጋ ስትደርስ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ አንድ ልጅ «ዋላሂ፣ አንበሳው ራሱ አያውቀውም!» አለ። ከዚያ መምህርት ፈትያና አቶ ደመቀ ፈረሙላት።

አው አብዶሽን አሁን አሁን አስባቸዋለሁ። ያኔ ጉንጭ ማልፋት የመሰለን «የነገረኝ እገሌ ነው» ማለታቸው ለካ ጥንቃቄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ «አላውቅም» ማለት ሽማግሌን የሚያሳንስ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ባቡሩ ላይ የተሳፈርኩት። በቀደም አንዲት የቤቲ ጓደኛ ያንኑ ዓይነት ወረቀት ይዛ በሬን አንኳኳች፤ የደቻቱ ወንዝ የድሮ ድልድይ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት።

አመስግናኝ ጻፈችው። እኔም ምሳዬን በደንብ በላሁ።