ጣሪያና ሴት

በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ፣ ብርዱ ሲጠና፣ በሰው አገር ዎርዝንግተን በምትባል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ቻይናዊት አዛውንት እንከባከብ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸዋል። ጡረታ የወጡ የቻይንኛ ጽሕፈት አስተማሪ ናቸው። ያለ ተማሪ መዋል ስለማይሆንላቸው መድኃኒታቸውን እንደዋጡ እኔን ብሩሽ ያስይዙኛል።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ 安 የሚለውን ነው፤ «አን» ይባላል። ላዩ ጣሪያ፣ ሥሩ ሴት፣ ትርጉሙ ሰላም። የጥንት ሰዎች ሴት በቤቷ ስትቀመጥ ሰላም አለ ብለው ሣሉት አሉኝ።

«የሣለው ወንድ መሆን አለበት» አልኳቸው። «እኔም ጣሪያ አለኝ፤ ሴትም ነኝ። ታዲያ ሰላሙ የታለ?»

ሳቁ። አገራቸው መንገድ የወጣ ሰው በደህና ሲገባ ለቤተሰቡ የሚልከው ቃል ውስጥ ይኸው ፊደል እንዳለ ነገሩኝ። «አንቺም ቤትሽ ስትገቢ ጽፈሽ ፎቶውን ላኪልኝ» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ በደህና መግባቴን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ዙም ላይ ነበረች፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም እጁን አውለብልቦ ይጠፋል፣ እኔ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት እያየሁ እቀራለሁ። ስለዚህ በየምሽቱ ካፖርቴን ሳላወልቅ ጽፌ እልካለሁ። እሳቸውም ያንኑ ጽፈው ይመልሳሉ።

ለገና ልጃቸው መጥታ እኔ ዕረፍት ወጣሁ። መላኩን ግን አላቋረጥኩም። በሁለተኛው ሳምንት ኮቪድ ያዘኝ። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። እኛ እንዲህ ነን፤ ነፍሳችን ልትወጣ ስትል እንኳ «እንዴት ነሽ?» ከተባልን መልሳችን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጥሎኝ ሳለ በእስክሪብቶ ሞነጫጭሬ ሰላም ነኝ እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ደወሉ።

«ጣሪያሽ ተንጋዷል። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይጽፍም።»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

ድምፃቸው ተለወጠ። «እህቴ ሦስት ወር ሙሉ በየደብዳቤዋ ሰላም ነኝ ትለኝ ነበር። አምኛት ሳልሄድ ቀረሁ፤ ሞተች። በዚህ ፊደል አትዋሺኝ።»

አፈርኩ። ንዴትም መጣብኝ፤ ምን አገባዎት ልላቸው ምንም አልቀረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «ብቻዬን ነኝ። ብሞት የሚያውቅልኝ ሰው የለም። ፈርቻለሁ።» ይህን በአማርኛ እንኳ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«እንግዲያው ሰላም ነኝ አትበይ» አሉኝ። «ሴቲቱን ብቻ ላኪልኝ።»

በዚያ ምሽት ጣሪያውን ትቼ ሴቲቱን ብቻ ጽፌ ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ መለሱልኝ፤ በወፍራም ብሩሽ የተጻፈ ጣሪያ፣ ሥሩ ባዶ። እስክድን ድረስ እኔ ሴቲቱን፣ እሳቸው ጣሪያውን ስንላላክ ሰነበትን።