ዳገት የሚወጣ ወንበር

ልጄ ብርቄ እግሯ አይሄድም። ከአንኮበር በታች ካለው ቤታችን እስከ ትምህርት ቤቷ መንገዱ ድንጋይና ዳገት ስለሆነ አዝያት እሄዳለሁ። ዘንድሮ ግን "አባዬ፣ አድጌያለሁ፤ ከእንግዲህ ራሴ ልሂድ" አለችኝ። ስለዚህ ወፍራም ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ልንመርጥ ደብረ ብርሃን ሄድን።

ነጋዴው "ይሄ ድንጋይም ጭቃም አይበግረውም" አለ። እኔ በሬ እንኳን ጠምጄ ሳልሞክር አልገዛም። ብርቄን ሱቁ ደጃፍ አስቀምጬ ራሴ ወንበሩ ላይ ወጣሁና ጎማውን በእጄ እየገፋሁ ከሱቁ ጎን ያለውን ኮረኮንች ዳገት ተያያዝኩት።

ጫፉ ላይ ስደርስ ጠበል በጀሪካን የያዙ አንድ አሮጊት ቆመው ያዩኛል።

"አይዞህ ወንድሜ፣ እመብርሃን ታንሳህ" አሉኝ።

ለማላውቀው ሰው ብዙ ማውራት ስለማልወድ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ጠበሉን አናቴ ላይ አፈሰሱት። በደብረ ብርሃን ብርድ ያደረ ውሃ ነው፤ ሳላስበው ዘልዬ ቆምኩ።

እልልታቸውን አቀለጡት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አማተበ። "ድሮም ደህና ነኝ" ብል ማን ይስማኝ። ነጋዴው ልጄን ሲያመለክታቸው የተረፈውን ጠበል ይዘው ወረዱና እሷም ላይ አፈሰሱት። ሰው ሁሉ እግሯን ያይ ጀመር። እኔ አባቷም፣ እያወቅኩ፣ አብሬ አየሁ።

ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አባዬ፣ ዳገቱን ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ይሄኑ እንውሰድ።"