ባቡር የማያልፍበት ሐዲድ

በማረሚያ ቤቱ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከአንዱ ግንብ ሥር ተነስቶ ሌላው ግንብ ሥር የሚያልቅ አጭር ሐዲድ አለ። ባቡር አይቶ አያውቅም፤ ሊያይም አይችልም። ያነጠፈው አንድ አንካሳ ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን በሐዲድ ጥገና ጨርሶ፣ ከጭነት የተንሸራተተ ብረት ዳሌውን ከሰበረው ወዲህ ለከባድ ሥራ አይሆንም ተባለና እስረኞችን እንዲያስተምር ተላከ። እስረኞቹ «ጋሼ ሐዲድ» ይሉታል። አዲስ የመጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀልድ ነው የሚቀልደው።

«ጋሼ፣ ይሄ ባቡር ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ግንቡ።»

«መልስ አለው?»

«እሱን ዳኛህን ጠይቅ።»

ይሳቃል፤ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ጠጠር መጠቅጠቅ፣ የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት ከብረቱ ሥር ስቦ አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ ቡሎን ማጥበቅ፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለውን ስፋት መለካት። ሽማግሌው ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ነገ ጠዋት ሰው የጫነ ባቡር እንደሚያልፍበት አድርጎ ነው። በልቡ ግን የሚያውቀውን ያውቃል። ከእሱ ተምረው ከወጡት ውስጥ ሐዲድ ላይ የተቀጠረ አንድም የለም። አንዱ ጫማ ጠጋኝ ሆነ፣ አንዱ የገባበት ጠፋ፣ ሌሎቹ ተመልሰው ገቡ። ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሐዲዱን እንደ ታመመ ዘመድ ነበር የሚጠይቁት፤ «እንዴት ነው፣ ያ የላላው ቡሎን ደህና ነው?» እያሉ።

ልከኛው የሚሉት እስረኛ የመጣው ሽማግሌው ተስፋ መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ልከኛው ገና ጢም ሳያበቅል በሰፈር ጠብ ሰው ገድሎ የገባ፣ ከጆሮው በላይ ያለው ጸጉር እዚያው ግቢ ውስጥ የሸበተ ሰው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት የሐዲዱን ስፋት ለክቶ ዞር ካለ በኋላ ተመልሶ ስለሚለካ ነበር።

«ብረት አይደለም እንዴ? የት ይሄድብሃል?» አሉት ጓደኞቹ።

«እኔስ የት እሄዳለሁ? ጠዋት ማታ ይቆጥሩኝ የለ።»

የሚፈታበት ቀን ሲቃረብ አንዲት ሴት ሽማግሌውን ከማረሚያ ቤቱ በር ውጭ ጠብቃ አገኘችው። የልከኛው እህት ነበረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወንድሜ እርስዎ ዘንድ ነው የሚማረው።»

«መልክሽ ይናገራል።»

«ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም» አለች፤ ማንም ክፉ ነው ሳይላት። «ከጓሮ ያለችውን ክፍል ቀለም ቀብተን አዘጋጅተናል። ግን ሥራ ካለው ነው ያለኝ። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ከሆነ ልጆችም አሉን፣ ጎረቤትም አለ። ሥራ ከሌለው አይገባም ብሏል። ይገባዎታል አይደል?»

ገባው። ሰው ክፉ ሳይሆን በር መዝጋት እንደሚችል ለመረዳት ይህን ያህል ዕድሜ አያስፈልግም።

በማግስቱ በዱላው እየተደገፈ የከተማው ዋና የባቡር መስመር ዳር ወዳለችው የቆርቆሮ ቤት ሄደ። የጥገና ቡድኑ መሣሪያውን የሚያስቀምጥባት፣ የግራሶና የላብ ሽታ የማይለያት ክፍል ናት። የቡድኑ አለቃ፣ ሁሉም ካቦ የሚለው ጎልማሳ፣ በወጣትነቱ ሥራውን የለመደው ከሽማግሌው ነበር።

«ሥራ ልለምንህ መጣሁ።»

«በዚህ ዳሌ፣ ጋሼ?»

«ለእኔ አይደለም» አለና ነገሩን ዘረዘረለት። ካቦው አንድ ትልቅ የቡሎን መፍቻ በጨርቅ እየወለወለ ሰማው።

«ሰው ገድሏል እያሉኝ ነው።»

«ገድሏል። የተፈረደበትንም ጨርሷል።»

«የጨረሰው ከፍርድ ቤቱ ጋር ነው። እኔ እነዚህን ልጆች ከጎኑ ላቆማቸው ነው፤ እሱም ዲጂኖ ይዞ።»

«አንተን ስቀበልህ እናትህ ምን እንዳለችኝ ታስታውሳለህ? ‹ለምንም አይሆንም፣ ወስደው ይጣሉልኝ› ነው ያለችው። ጣልኩህ?»

«እናቴን አያስነሱብኝ እንግዲህ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ መፍቻውን አስቀመጠ። «ለሙከራ ይምጣ። ግን በእርስዎ ቃል ነው።»

«በእኔ ይሁንብህ።»

ልከኛው ተፈታ፤ በእህቱ ጓሮ ባለችው ክፍል አደረ፤ ጠዋት ሥራ ገባ። እጁ እንደተባለው ነበር። ጠጠር ሲጠቀጥቅ እኩል፣ ቡሎን ሲያጠብቅ በልክ። ሰዎቹ ግን ሌላ ሌላውን ነበር የሚያዩት። ሽንቱ ሲመጣበት ካቦው ፊት ቀርቦ ይቆምና «ጌታዬ፣ ልውጣ?» ይላል፤ ሜዳ ላይ ቆመው እያሉ። የቆርቆሮው ቤት በር ፊት ሲደርስ ሰው እስኪከፍትለት ይጠብቃል። ባቡር ሲመጣ የምታስጠነቅቀው ሴት፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትውለው ምላሰኛ፣ አንድ ቀን ከኋላው ደረሰችበት።

«ወንድም፣ ይሄ እጀታ ይባላል። ተዋወቁ።»

ልከኛው እጀታውን ያዘው፤ እንደያዘውም ትንሽ ቆየ።

ሽማግሌው ትምህርት በማይሰጥበት ቀን ሊያየው መጣ። ሐዲዱ ከአንድ ኮረብታ ጀርባ ተጠምዝዞ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነበሩ። በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ፊሽካ ሲነፋ፣ በእጅ የተያዘው ምንም ይሁን ምን፣ ከሐዲዱ ወርዶ ዳር መቆም ነው። ያን ያላደረገ ሰው ሁለተኛ ሐዲድ አይረግጥም። ጭካኔ አይደለም፤ አንዱ መሀል ከቀረ እሱን ለማውጣት ሌላው መግባቱ አይቀርምና ነው።

ሴትዮዋ ነፋች። ሁሉም ወረዱ። ልከኛው ዲጂኖውን ጣለ፣ ሁለት እጁን ከጭኑ ጋር አጣበቀ፣ አገጩን ቀና አደረገና በሁለቱ ብረቶች መሀል ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውረድ እንጂ።»

«አሁን ይቀለዳል?»

ደግማ ነፋች። በነፋች ቁጥር እሱ ይበልጥ ቀጥ አለ። ጠጠሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ካቦው ዘሎ ገብቶ ወገቡን አቅፎ ያዘውና አብረው ዳር ላይ ተንከባለሉ። ባቡሩ አለፈ፤ ለማለፍም ጊዜ ፈጀ።

ሽማግሌው ከሁሉም በፊት ገብቶት ነበር። ማረሚያ ቤት ውስጥ ፊሽካ ሲነፋ ሰው ባለበት ይደርቃል፤ ተቆጥሮ እስኪያልቅ የተንቀሳቀሰ ይመታል። ይህ ሰው ጉርምስናውንና ጉልምስናውን ያሳለፈው ፊሽካ በሰማ ቁጥር በመድረቅ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሐዲድ ያስተማረው ባቡር በማያልፍበት፣ ፊሽካ ከዘበኞቹ በቀር ማንም በማይዝበት ግቢ ውስጥ ነው። ብረቱን አስተማረው፣ እንጨቱን አስተማረው፤ ከሁሉ የሚቀድመውን ግን ሊያስተምረው ይቅርና ትዝም አላለው። በር ሲከፈት ነፃነት ይጀምራል ብለን እናስባለን፤ የሰውየው ጉልበት ግን ገና አልተፈታም ነበር።

«የሕዝብ መዝሙር መሰለው እንዴ?» አለች ሴትዮዋ። የሳቀ የለም፤ እሷም አልሳቀችም።

ልከኛው ጠጠሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። «አልሰማሁም አልልም። ሰምቻለሁ። ውረድ ማለት እንደሆነም አውቃለሁ» አለ።

ካቦው የተላጠ ክርኑን እያየ ሽማግሌውን ወደ ዳር ወስዶ የማረሚያ ቤቱን ፊሽካ ነገር ሰማ። «ሕጉን ያውቁታል። ዛሬውኑ ማሰናበት ነበረብኝ። ግን እጁ ጥሩ ነው፣ ሰውም ጎድሎኛል። ይውሰዱትና ይህን ልማድ ያስለቅቁት። አንድ ወር እጠብቃለሁ፤ ያኔ መጥተው ለቆታል ወይም አልለቀቀውም ይበሉኝ፤ እኔ አልፈትነውም፣ የማምነው እርስዎን ነው።»

ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ጀርባ፣ ሰው በማይሄድበት ሜዳ፣ ሽማግሌው በዱላው ጫፍ ሁለት መስመር መሬት ላይ ጫረ። ልከኛው መሀል ይገባል፤ አጎንብሶ ይቆፍራል፤ ሽማግሌው ፊሽካ ይነፋል። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ደርቆ ቀረ፤ ላብ ብቻ ከግንባሩ ይወርድ ነበር። ሽማግሌው ትከሻውን ይዞ ከመስመሩ ያስወጣዋል፤ እንደገና ያስገባዋል። አንዳንዴ በቁጣ፣ አንዳንዴ እንደ ሕፃን እያባበለ። ሁለቱም አንካሳና ደንቆሮ የሚጫወቱ ነበር የሚመስሉት።

«እግርህን አትዘዘው፤ ዝም ብለህ ውደቅ። ወደ ጎን ውደቅ።»

«ጋሼ፣ ከውስጥ አንድ ሰው ይይዘኛል።»

«ማነው?»

«እኔ እንጃ። የሚያውቀኝ ሰው ነው።»

ቀን በቀን ተሻለው። በኋላ በኋላ ፊሽካው ሲነፋ እየዘለለ ይወጣ ጀመር፤ ከሩቅ ያየ ሰው እንከን አያወጣለትም። ሽማግሌው ግን ያይ ነበር። ከመዝለሉ በፊት አገጩ ቀና ይላል፤ አንዲት ትንፋሽ ያህል ይቆማል። ቀነሰች፣ አነሰች፣ ግን አልጠፋችም። ቀትር ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ፊሽካ ከሩቅ ሲነፋ፣ አንዲት ትንፋሽ ምንም አይደለችም። ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ኮረብታው ሥር ሲሆን ግን የሰው ነፍስ ከዚያች በላይ ጊዜ አይሰጣትም።

ካቦው ያለው ቀን ደረሰ። ልከኛው ብርቱካናማውን የሥራ ሰደርያ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከቆርቆሮው ቤት በር አጠገብ ቆሟል። በሩን ራሱ ነበር የከፈተው። ሰዎቹ ዲጂኖአቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«እህ፣ ጋሼ፣ ለቀቀው?»

ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ የመጣው «ለቆታል» የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ እያገላበጠ ነበር። ውሸቱ ትንሽ ነው፤ አንዲት ትንፋሽ የምታህል ውሸት። ሊል ሲቃጣው የካቦው ክርን ታየው፤ የቁስሉ ጠባሳ ገና ቀይ ነው። ይህ ሰው መሀል ከቀረ ማን ዘሎ እንደሚገባ አሁን ያውቃል።

«አልለቀቀውም» አለ። «ቀንሷል እንጂ አልለቀቀውም።»

ካቦው መሬት መሬቱን አየ፤ ቢዋሹኝ በወደድኩ የሚል ፊት ነበረው።

«ሐዲድ የማይረግጥበት የመጋዘን ሥራስ?» አለ ሽማግሌው።

«ለእሱ የሚቀጥሩት ከላይ ናቸው። የተፈረደበት ሰው አይቀበሉም። ይሄኛውንም እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ልከኛው ሰደርያውን አወለቀ። ጥግ ከጥግ ገጥሞ አጠፈው፣ በእጁ ዳበሰው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠውና መንገድ ጀመረ። ሽማግሌው በዱላው ተከተለው፤ ሊደርስበት ግን አልቻለም።

የእህቱ ባል ከግቢው በር ውጭ ጠበቃቸው። ወሬ ቀድሟቸዋል። በአክብሮት አጎንብሶ ሽማግሌውን ሰላም አለ፤ ሻንጣውን ግን ይዞ ነበር የወጣው። «ጋሼ፣ እኔም የተናገርኩት ነገር አለ» አለ፤ ዓይኑን ሰበረ። እህቱ አልወጣችም። ሻንጣው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በገመድ ታስሮ ነበር፤ የእሷ እጅ መሆኑ ያስታውቃል።

የሽማግሌው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር። ፍራሽ ግድግዳው ሥር አነጠፈለት። ልከኛው ጫማውን ሳያወልቅ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ውጭ ገና ብርሃን ነበር፤ ልጆች ኳስ ሲያባርሩ ይሰማል።

«ቢዋሹልኝ ኖሮ» አለ፤ ቁጣ የሌለበት ድምፅ ነበር።

«ትሞት ነበር።»

«ምናልባት። ምናልባትም አልሞትም። እስከዚያው ግን ጠዋት ጠዋት የምሄድበት ነበረኝ።»

ሽማግሌው እውነት መናገር ቢያንስ ለተናጋሪው ቀላል እንደሚሆን ገምቶ ነበር፤ እንኳን ሊቀለው፣ ዳሌው ላይ ከወደቀው ብረት ባልተናነሰ ተጭኖታል። ሰውየውን ከሞት አትርፎ ይሆናል። ለምን ዓይነት ኑሮ እንዳተረፈው ግን የሚያሳየው ነገር በእጁ የለም።

«ጫማህን አውልቅ» አለ በመጨረሻ። «ነገ አብረን ሥራ እንፈልጋለን።»

«የት?»

ሽማግሌው የሚያውቃቸውን ሰዎች በልቡ አንድ በአንድ ጠራቸው። የሚበዙት ሞተዋል። የቀሩት የሚሠሩት ሐዲድ ላይ ነው።