አቧራ የማይገባባት መኪና

አስናቀው በሱዳኗ ገዳሪፍ አንድ ዝና ነበረው፤ አቧራ ያስቆማል ይባልለት ነበር። ድህነትን፣ ወባን፣ ጥይትን የሚያስቆም በጠፋበት አገር እሱ አቧራ አስቆመ። ያውም ለሰፊው ሕዝብ ጉሮሮ ሲል አይደለም፤ ለአንድ ሰው መቀመጫ ሲል ነው።

መቀመጫው የኢሀብ ነው። ኢሀብ ድንበሩ አጠገብ ፋሽጋ ላይ ሰሊጥና ማሽላ የሚያሳርስ ባለጸጋ ሲሆን ጦርነቱ ከካርቱም ያባረረው ነው። ሲሸሽ ቤቱን ጥሏል፣ ሱቁን ጥሏል፤ ጣሪያ የሌላትን መኪናውን ግን አልጣለም። መቀመጫዋ ነጭ ቆዳ ነው! ክረምት ጭቃው ጎማ በሚውጥበት፣ በጋ መሬቱ ዱቄት ሆኖ በሚነሣበት ዋልካ ምድር፣ ጣሪያ የለሽ መኪና ከነጭ ቆዳ ጋር። ቡርዧ ነፋስ ሲያምረው ጣሪያውን ያስነሣል፤ አቧራው ሲያስጠላው ደግሞ ላብ አደር ይቀጥራል።

አስናቀው ከመተማ በኩል ለአረም የመጣ ነው። ትራክተር ላይ ረዳት ሆኖ መንዳት ለመደ፣ ቆይቶም የኢሀብ ሾፌር ሆነ። ዘዴውን ያመጣው ከሰሊጥ ቆራጮች ነው። ቆራጮች የመጠጥ ውሃቸውን ለማቀዝቀዝ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላሉ፤ ማታ ጆንያው ላይ የቀኑ አቧራ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። አስናቀው ይህን አይቶ፣ በመኪናዋ ብረቶች ላይ ሸራ ወጠረ፤ ሸራው ባልደረሰበት ክፍተት ሁሉ እርጥብ ጆንያ አንጠለጠለ። መንገድ ላይ እየቆመ ያርሳቸዋል። ገዳሪፍ ሲደርሱ ኢሀብ ጣቱን በቆዳው ላይ አስኪዶ ያያል።

«ማሻአላህ! ጉባር የለም።»

ጉባር አቧራ ነው በነሱ አፍ። አስናቀውም ሜዳሊያ እንደተሸለመ ሰው ደረቱን ይነፋል።

ሕግም ነበራት መኪናዋ። የሚሳፈር ሁሉ ጫማውን አውልቆ በፌስታል ይይዛል፣ ልብሱንም ያራግፋል። «አራግፍ!» እያለ የሚጮኸው አስናቀው ራሱ ነው። የቀን ሠራተኛ ግን አራግፎም አይሳፈርባትም። ይህንንም ሕግ የሚያስከብረው ያው የትናንቱ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጌታ ዘበኛ አያጣም፣ ከኛው መሀል ይመለምላል።

ባለፈው ታኅሣሥ ማሽላ ቆራጩ ምንይችል በወባ ወደቀ። ምንይችል የአስናቀው ሚስት የእናኑ ታናሽ ወንድም ነው። ትኩሳቱ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ ይቃዥ ጀመር። እናኑ ከመተማ ደወለች።

«አስናቀው፣ ወንድሜን አደራ የሰጠሁት ላንተ ነው። ሐኪም ቤት ሳታደርሰው እንዳትደውልልኝ።»

አስናቀው ከነመኪናዋ እርሻው ላይ ነበርና ገዳሪፍ ወዳለው ኢሀብ ደውሎ ለመነ። ኢሀብ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ መሆን አያስፈልገውም።

«ውሰደው፣ ያ አስናቀው። ግን ነገ እንግዶች አሉብኝ። ወንበሩ ላይ ጉባር ባገኝ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ።»

የመኪናዋ ራዲያተር ውሃ ያፈሳል። ስለዚህ አስናቀው ሁልጊዜ ሁለት ጀሪካን ይጭናል፤ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለጆንያው። በዚያ ሳምንት ግን ነዳጅ ጠፍቶ የውሃ ቦቴ ወደ እርሻው አልመጣም። የእርሻው ዘበኛ ሙዳሲር የተገኘውን አንድ ጀሪካን አቀበለው።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ይህ የሞተሩ ነው። ጆንያው ዛሬ ይድረቅ።»

«ጆንያው ከደረቀ እኔ ደረቅሁ።»

«ልጁስ?»

«መንገድ ላይ ውሃ አይጠፋም፣ ኢንሻላህ» አለ አስናቀው፤ ጆንያዎቹንም አራሳቸው።

ከዚያ ምንይችልን ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ነጩ ቆዳ ላይ አስተኛው። በሽተኛውን አራገፈው እኮ!

«ጋሼ፣» አለ ምንይችል ትንሽ እንደሄዱ፣ «እዚህ ወንበር ላይ ለመውጣት መታመም ኖሯል መላው?»

«ዝም በል፣ ጉልበትህን አትጨርስ።»

ፀሐዩ ጆንያውን ቶሎ ቶሎ ያደርቀዋል። አስናቀው ቆመና አራሰ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ቆመ።

«ለኔ ነው ለወንበሩ?»

«ላንተ ሳንባ ነው፣ ወንድምዬ።»

ግማሹ እውነት ነበር። ሎሌ ደግሞ ግማሽ እውነት ካገኘ ጠግቦ ያድራል።

«እንግዲያ እኔም ላይ አርከፍክፍብኝ፤ እኔም አፈር ነኝ» አለ ምንይችል፤ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው።

የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ሲወጣ አስናቀው አይቶታል። የሚቀጥለው መንደር ድረስ ትችላለች አለ። አልቻለችም። ከፊት እንፋሎት ተነሣና ሞተሩ ዝም አለ። ጀሪካኑን ዘቀዘቀው፤ ጠብ የሚል የለም።

«ውሃ፣ ጋሼ።»

አስናቀው ጆንያዎቹን አወረደና አንድ በአንድ ጨመቃቸው። ከጣቶቹ መሀል ጥቁር ጭቃ ወጣ። ያንን ይዞ ቆመ፤ ለሞተር አይሆን፣ ለሰው አይሆን። አንድ የማሽላ መኪና አለፈ፤ በዚህ ዘመን ሜዳ ላይ ለሚያውለበልብ ሰው ማን ይቆማል? አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። አስናቀው ሸራውን በገዛ ገላው ደግፎ ያዘ።

ውሃ የጫነ ትራክተር የደረሰው ጥላ ሲረዝም ነው። ምንይችል ከዚያ በፊት ሞቷል።

ባለትራክተሩ ራዲያተሩን ሞላለት፤ ጀሪካኑንም ሞላለት። አስናቀው የልጁን ዓይን ከደነ። ቀጥሎም፣ ማንም ሳያዘው፣ ጆንያዎቹን መልሶ አንጠለጠለና አራሳቸው። ንቃተ ህሊና የሚባለው ነገር በወረቀት ይታደላል፤ የሎሌ እጅ ግን ወረቀት አያነብም።

ገዳሪፍ ሲደርስ ኢሀብ በር ላይ ነበር። እንደ ልማዱ ጣቱን በቆዳው ጠርዝ ላይ አስኬደ። ጣቱ ንጹሕ ነበር። «ማሻ—» ብሎ ሬሳውን አየና ቃሉን ዋጠው።

እናኑ በስልክ ካለቀሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ውሃ ጠጥቶ ነው የሞተ?»

«ጠጥቶ ነው» አላት።

በማግሥቱ እዚያው ገዳሪፍ ቀበሩት። ኢሀብም እንግዶቹን ትቶ መጣ፣ ቆሞ አስቀበረ፤ መኪናዋንም ለለቅሶኛው ማመላለሻ ሰጠ። አስናቀው አፈሩን በአካፋም በእጁም ሲመልስ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ነበር። ሲመለሱ የመኪናዋ በር ላይ ደርሶ ቆመ።

«ተወው ዛሬ» አለው ኢሀብ ቀስ ብሎ። «ግባ፣ ወንድሜ።»

አስናቀው ጫማውን አወለቀ። ፌስታል ከኪሱ አወጣና ከተተው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የምንይችልን አፈር ከሱሪው፣ ከክንዱ፣ ከጥፍሩ ሥር ሳይቀር አራገፈና ገባ።